ጆሮአቸው ያልተበሳ ጊደሮች

«እስቲ ልየው» ይሉታል። የወጣለት ስም ይህ አይደለም፤ ነገር ግን በእናት አባቱ ስም ብትጠይቁ ቤቱን የሚጠቁማችሁ ሰው ማግኘታችሁን እንጃ። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ከብት አርቢዎቹ ናቸው። «ከብቱ ሁሉ ደህና ነው» ሲሉት «እስቲ ልየው»፣ «ጥጃው ዛሬ በደንብ ጠብቷል» ሲሉት «እስቲ ልየው» እያለ አሰለቻቸው። ቤቱም ያው ነው። ሚስቱ ራሷን አሟት ስትተኛ ግንባሯን ሳይዳስስ አያምናትም። ዳቦ ሲገዛ ገልብጦ ሥሩን ያያል። ወተት ሲቀርብለት መጀመሪያ ያሸተዋል፣ ቀጥሎ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ያደርጋል፣ ከዚያ ነው የሚጠጣው። ጎረቤቶቹ «ቀብር የሚመጣው ሟቹ እውነት መሞቱን ሊያጣራ ነው» እያሉ ያሙታል። ሐሜቱ ጆሮው ይደርሳል፤ ማን እንዳለው ስለማያውቅ ሁሉንም ይጠረጥራል።

ሲወለድ ግን እንዲህ አልነበረም። ልጅ ሳለ የአባቱ በረት ሙሉ ነበር። አንድ ማለዳ አንዲት ላም ዓይኗ እንባ ሲያፈስ ተገኘ። አባቱ «አቧራ ገብቶባት ነው» አለ። በማግስቱ ለሃጯ ተዝረበረበ፣ ድዷ ቆሰለ፤ አባቱ «እሾህ በልታ ነው» አለ። ከዚያ አስቀመጣት፣ ወደቀች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ሰዉ ክፉ ስም ላለመጥራት «ደስታ» የሚለው የከብት በሽታ ነበር። አባቱ ሰምቶት ያውቃል፤ እኔ በረት ይገባል ብሎ ግን አላሰበም። እርሱ አምኖ ሳይጨርስ በረቱ ባዶ ሆነ። ሬሳውን በገመድ እየጎተቱ ገደል የከተቱት እርሱና ታላቅ እህቱ ናቸው፤ እህቱ ከፊት ሆና ስለምትስብ መዳፏ ተልጦ ነበር። አባታቸው ከዚያ በኋላ ለመኖር ያህል ኖረ። ልጁም በሆዱ አንድ ነገር ያዘ፤ «ደህና ነው» የሚል ሰው ቤቱን ያስበላል።

አድጎ የከብት ጤና ቢሮ ክትባት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። በመጀመሪያው ዘመን ክትባቱ በረዶ ካልተያዘለት የሚሞት ነገር ነበር። ሣጥኑን በአህያ ጭኖ፣ በረዶው ሳይቀልጥ ለመድረስ ከፀሐይ ጋር ይሽቀዳደማል፤ አንዳንዴ ፀሐይዋ ትቀድመውና የደከመበትን ሁሉ ደፍቶ ይመለሳል። ኋላ ሙቀት የሚችል ዓይነት መጣ፤ በደረቅ ዱቄት መልክ በትንንሽ ብልቃጥ የታሸገ፣ ትከሻ ላይ ተሸክመውት ብዙ ቀን የሚጓዙት። የተወጋ ከብት ሁሉ ደግሞ ጆሮው በመብሻ ይበሳል፤ የተበሳ ጆሮ ያየ ሰው «ይሄ ተከትቧል» ብሎ ያልፋል።

የሚበሳ ጆሮ ማግኘቱ ግን ሌላ ጣጣ ነበር። አርቢው አያምነውም። «ላሞቻችንን ሊያመክን ነው» ይላል አንዱ። «ቆጥሮን ሊሄድ ነው» ይላል ሌላው። ነጭ ጋዋኑ ከሩቅ ሲታይ ከብቱን ወደ ጫካ ይነዱና ባዶ በረት ታቅፈው ይቀበሉታል።

«ከብቶቹስ?» ይላል።

«የምን ከብት? ከብት ካየን ስንት ጊዜያችን!»

ጎንበስ ብሎ መሬቱን በእጁ ይዳብሳል። ይሞቃል። «ታዲያ ይሄን እበት ማን ጣለው? አንተ ነህ?»

እንዲህ እያለ ነው አውራጃውን ያዳረሰው። የማይጠረጥር ሰው ቢሆን ኖሮ ግማሹን መንጋ ሳያይ ይመለስ ነበር፤ ይህን አለቆቹም ይመሰክሩለታል። እየቆየ በሽታው ሳሳ፤ መጀመሪያ ከመንገድ ዳር፣ ቀጥሎ ከቆላው ጠፋ። በመጨረሻ አንድም የሚያነባ ላም ሳያይ ዓመታት አለፉ። ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ይል ነበር። እርሱ ግን ጭር ሲል ነው ሐሳብ የሚገባው።

በዚህ መሃል ቢሮው አዲስ ኃላፊ መጣለት። ወጣት የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ዝግ ብላ ትናገራለች፣ ያለችውን ግን አትለቅም። ሠራተኛውን ሁሉ አዳራሽ ሰበሰበችና ከዛሬ ጀምሮ የደስታ ክትባት ቆሟል አለች። የተረፈው ብልቃጥ ተሰብስቦ ይመለሳል። የሚያጉረመርመው ሰው ዝም እስኪል ጠብቃ ምክንያቱን አስረዳች። የተከተበ ከብት ደምና ታሞ የዳነ ከብት ደም አንድ ዓይነት ዱካ ይዞ ይገኛል፤ ላቦራቶሪው አይለያቸውም። ስለዚህ በሽታው መጥፋቱን ማረጋገጥ የሚቻለው ክትባት ከቆመ በኋላ የተወለዱትን፣ ጆሮአቸው ያልተበሳውን፣ መርምሮ ደማቸው ንጹህ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው።

እስቲ ልየው እጁን አወጣ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶክተር። ሌባው ሰሞኑን አልታየም ተብሎ በር ተከፍቶ ይታደራል?»

«ጋሼ፣ በሩን ጠርቅመን ከተቀመጥን ሌባው ደጅ ይኑር አይኑር በምን እናውቃለን?»

አዳራሹ ሳቀ። እርሱ አልሳቀም። እጁ ላይ ያለውን ክትባት ሲመልስ አንዲት ትንሽ ካርቶን አስቀረ። ሊሸጣት አይደለም፤ ደብቆ ሊወጋባትም አይደለም። በጓሮው ያለችውን የገዛ ጊደሩን እንኳን አልወጋም። ያ ቀን ሲመጣ፣ ሁሉም እጁን አጣጥፎ ሲያለቅስ፣ የእርሱ እጅ ባዶ እንዳይሆን ብቻ ነው። ካርቶኗን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በፕላስተር አሽጎ፣ ከቤቱ ፍሪጅ ታችኛው ክፍል ከሽንኩርቱ ኋላ ሸጎጣት። ሚስቱን «የኔ መድኃኒት ነው፣ እንዳትነኪው» አላት። ሚስቱም ምን ዓይነት ገመና ቢይዘው ነው ብላ አፍራ ዝም አለች።

ለአንድ ሰው ብቻ ተናገረ፤ ለእህቱ። ያንን ገመድ አብራው የሳበች እርሷ ስለሆነች ከእርሷ የሚደብቀው የለም።

«እትዬ፣ ጠፋ ይላሉ። አትመኛቸው፤ አልጠፋም፣ ተደብቆ ነው። ቢመጣ ግን ያንቺን ከብቶች ማንም አይነካቸውም። እኔ ጋ አለ።»

 እህቱ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከክትባት ወደ ደም መቅዳት ተዛወረ። በየመንደሩ እየዞረ ካልተበሱት ወጣት ከብቶች ናሙና ይወስዳል፤ እህቱ ቤትም ሄደ። ጊደሮቹን የያዘለት የእህቱ ባል ነው። ይህ ሰው ከብት ነጋዴ ነው፣ «ሳቂታው» ይሉታል፤ ገበያ ሲያተርፍም ሲከስርም፣ ዝናብ ሲመታውም ይስቃል። እስቲ ልየው ይህን ሳቅ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ አልወደደውም። ጥርሱን ሁሉ የሚያሳይ ሰው የሚደብቀው አንድ ነገር አያጣም ባይ ነው። መርፌው አንገቷ ላይ ሲገባ ጊደሯ ብትፈራገጥ፣ ሳቂታው ቀንዷን ጨብጦ «ወንድሜ፣ ቀስ በላት፤ ገና አልታጨችም እኮ!» እያለ ግቢውን በሳቅ ሞላው።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። ሐኪሟ አስጠራችውና በሩን ዘጋች። ቀጥላ መስኮቱንም ዘጋች።

«ይቀመጡ ጋሼ። ከወሰዷቸው ናሙናዎች ሁሉ የአንድ ቤት ጊደሮች ብቻ ደማቸው ዱካ ይዟል። የእህትዎ ናቸው።»

«ላቦራቶሪው ተሳስቶ ነው።»

«እኔም እንዲህ ብዬ አስደግሜዋለሁ።»

ከዚያ የሚሆነውን ሳትሸፋፍን ነገረችው። ጆሮው ያልተበሳ ከብት ደሙ ዱካ ካለው በሽታው ነክቶታል ማለት ነው። ምክንያቱ ከሚቀጥለው ገበያ በፊት ካልታወቀ የእህቱ መንጋ ከእነጥጃው ተገድሎ ይቀበራል፤ የአውራጃው ከብት ገበያዎች ይዘጋሉ፤ የስንት ዓመት ልፋትም ከዜሮ ይጀመራል። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሳይመለስ የቀረ ክትባት አለ እንዴ?»

«የለም» አለ።

አፉ እንዴት እንደ ታዘዘለት ራሱም ገረመው። ግን ምን ብሎ ይንገራት? ካርቶኑ እንደ ታሸገ ነው፤ ትናንትም ከሽንኩርቱ ኋላ እጁን ሰዶ ዳብሶታል። ያልተነካ ነገር አንስቶ ራሱን ለማስገመት ምን ዕዳ አለበት? የዓለሙን ዕቃ ገልብጦ የሚያይ ሰው ያቺን ካርቶን ከታሸገች ጀምሮ አንድ ቀን እንኳን ከፍቷት አያውቅም።

ከቢሮው ሲወጣ ነገሩ ሁሉ ፍንትው ብሎ ታየው። በሽታ ከሰማይ አይወርድም፤ ሰው ነው የሚያመጣው። ማን ነው ከገበያ ገበያ ሲዞር የሚውለው? ማን ነው ድንበር ማዶ ወዳጅ ያለው? ማን ነው እንዲህ ጠጋ ብለው ሲጠይቁት የሚስቀው? ልቡ ውስጥ ደግሞ፣ ለራሱም ሳይነግር፣ ትንሽ ኩራት ተላወሰ። አልጠፋም ብሎ ነበርና።

እህቱ ግቢ ሲደርስ የእግዜር ሰላምታ እንኳን አላስቀደመም። በረቱን ዞረ፣ ግርግሙን አየ፣ አጥሩ ላይ የተንጠለጠለ አዲስ ገመድ አገኘና አገላበጠው። የጊደሮቹን አፍ ከፈተ፤ ንጹህ ነው። ይህም አላጽናናውም፤ ታመው የዳኑ ናቸው ብሎ አሰበ።

«ድንበር ማዶ የገዛሃት የትኛዋ ናት?» አለ ሳቂታውን።

ሳቂታው ሳቀ። «የምን ድንበር?»

«እኔ ላይ አትሳቅ! የታመመ ከብት አምጥተህ እህቴ በረት አስገብተሃል። መንጋው ሊገደል ነው፣ ገብቶሃል?»

የሰውየው ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። «እነዚህ ጊደሮች እዚሁ ነው የተወለዱት። እናቶቻቸው ያውላቸው ቆመዋል። የምገዛውን እዚያው ገበያ እሸጣለሁ እንጂ ቤቴ አላመጣም። እሷን ጠይቃት።»

እህቱ ደጃፉ ላይ ቆማለች። እስቲ ልየው ዞር ብሎ አያት፤ ዓይኗን ሰበረች። እንግዲህ ሚስት ናት፣ ባሏን እየሸፈነች ነው አለ በልቡ። ጎረቤቶች አጥሩ ላይ ተደርድረዋል። እርሱም ነገሩን አክርሮ፣ ሰውየውን በሰው ፊት ኮንትሮባንዲስት፣ ነፍሰ ገዳይ፣ የእህቴን ቤት ያፈረስክ ብሎ ልክ ልኩን ነገረው። በዚህም አልበቃውም። ሲመለስ በኬላ ጠባቂዎቹ በኩል አልፎ «ይህን ሰው ያዙት፣ የሚያመላልሰው ከብት አለ» ብሎ ጠቆመ። ሳይመሽ ሳቂታውን ከገዛ ደጃፉ ወሰዱት።

በማግስቱ ጠዋት እህቱ ቤቱ መጣች። ሚስቱ ወንበር ብትስብላት አልተቀመጠችም። ቀጥ ብላ ወጥ ቤት ገባች፣ ፍሪጁን ከፈተች፣ ሽንኩርቱን ገፋ አድርጋ ካርቶኗን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት።

«ክፈታት» አለችው።

«ምን ነካሽ? ማን ነገረ…»

«ክፈታት አልኩህ!»

ላስቲኩን ፈታ። ፕላስተሩ ተልጦ እንደገና የተለጠፈ መሆኑን አሁን ነው ያየው፤ ጠርዙ ተጨማዷል። ከብልቃጦቹ መሃል የአንዷ ቦታ ባዶ ነው። አንድ ብልቃጥ ደግሞ ለብቻው ለስንት መንጋ እንደሚበቃ ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ለእህቱ በተሳበው ወንበር ላይ ራሱ ተቀመጠ።

«መቼ ነው?»

«ሚስትህ ታማ እኔ ላስታምማት የከረምኩ ጊዜ፤ ሽንኩርት ሳወጣ አገኘኋት። ጊደሮቹን የወጋሁት ባሌ ገበያ በሄደበት ቀን ነው። እሱ ምንም አያውቅም።»

መርፌ አያያዙን ያስተማራት እርሱ ራሱ ነው፤ ላም ቁስል ባመረቀዘባት ቁጥር እርሱ እስኪመጣ እንዳትጠብቅ ብሎ።

«ለምን እትዬ? ቢመጣ እደርስልሻለሁ አላልኩሽም?»

«ቢመጣ! ለአባባ መጥቶ ጊዜ ሰጠው? አንተ ቦርሳህን አንጠልጥለህ እስክትደርስልኝ የትኛዋ ትቆየኛለች?» ካርቶኗን ወደ እርሱ ገፋች። «ማን ነው አልጠፋም ያለኝ? ዶክተሯ ጠፋ አለች፣ ሬዲዮው ጠፋ አለ፣ ባሌ ጠፋ ብሎ ሳቀ። እኔ አንተን አመንኩ። ማንንም የማያምን ወንድሜን አመንኩ!»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልተናገርሽም? ያን ያህል ስጮህ ቆመሽ ሰማሽኝ እኮ!»

«ብናገር የሚታሰረው ማን ነው? ክትባቱን የደበቅከው አንተ ነህ። አንተን ላድን ብዬ አፌን ዘጋሁ፤ አንተ ሄደህ ባሌን አሳሰርክብኝ።»

ሚስቱ ከምድጃው አጠገብ ቆማ ካርቶኗን ታያለች። «መድኃኒቴ ነው ያልከኝ ይሄ ነው?» አለች ዝግ ብላ። 

ያን ጠዋት ካርቶኗን በብብቱ ይዞ፣ እህቱን አስከትሎ ቢሮ ገባ። ሁሉንም ተናገረ፤ ምንም አላስቀረም። እውነቱን ከተናገረ ነገሩ ያበቃል፣ መንጋውም ይድናል፣ ሰውየውም ይፈታል ብሎ ነበር የመጣው። ሐኪሟ አዳምጣ ስትጨርስ ወዲያው ስልክ አነሳችና ሳቂታው እንዲለቀቅ ተናገረች። ከዚያ ስልኩን አስቀምጣ ወደ እርሱ ዞረች።

«ጋሼ፣ ይህን የሚሉኝ የእህትዎን ከብቶች ለማትረፍ እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ?»

«እንዴት? ይኸው ብልቃጥ ጎድሏል እኮ!»

«ዛሬ ጠዋት አውጥተው ሊሆን ይችላል። ደሙ አይለይልኝም፤ በክትባት ይሁን በበሽታ አይነግረኝም። እህትዎ ለከብቶቻቸው ይቆማሉ፤ ያለኝ የእርስዎ ቃል ብቻ ነው። የእርስዎ ቃል ደግሞ ባለፈው እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠው ‹የለም› ያሉኝ ነው።»

ደሙ ፈላ። ስንት ዘመን በፀሐይ የተንቃቃ ሰው ነው! ይችን ሥራ እርሷ ሳትወለድ የጀመረ ሰው ነው! ሊናገር አፉን ከፈተና የሐኪሟን ዓይን አየ። ንቀት የለበትም፣ ቁጣም የለበትም። ያን ዓይን ያውቀዋል፤ እርሱ ራሱ በየበረቱ ደጃፍ ቆሞ «የምን ከብት?» የሚሉትን ሰዎች ያየበት ዓይን ነው። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ ዓይን ፊት ለፊት ቆመ።

መውጫ ያገኘችው ራሷ ሐኪሟ ናት። ክትባት ያልነካት፣ ደሟ ንጹህ የሆነች ጊደር ተገኝታ ከእህቱ ጊደሮች ጋር አንድ በረት ትግባ፤ ከአንድ ግርግም ትብላ፣ ከአንድ ገንዳ ትጠጣ። በሽታው ካለ አይምራትም። ከሌለ በጊዜው ደሟ ይናገራል፤ እስከዚያ መንጋው ሳይገደል፣ ከበረቱም ሳይወጣ ይቆያል። እርሱ ግን እስከዚያ ከሥራ ይታገዳል፣ በረቱ አጠገብም አይደርስም።

ጊደሯን ማን ይስጥ? መንደሩ ሁሉ ወሬውን ሰምቷል። የጠየቁት ሰው ሁሉ «ጊደር? የምን ጊደር?» አለ። እስቲ ልየው በጓሮው ያለችውን የራሱን አሰበ። ግራጫ ናት፣ እጁን እየላሰች ያደገች፤ ሚስቱ «ጡረታችን» የምትላት እርሷን ነው።

«የኔ አለች» አለ።

ሐኪሟ መጀመሪያ ደሟን ራሷ ቀዳች፤ ለእርሱ አላስነካችውም። ውጤቱ ንጹህ ሲሆን ጊደሯን እየነዳ የወሰዳት ሌላ ሠራተኛ ነው። ሚስቱ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሸኘቻትና ባሏን አልፋው ገባች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፈው እርሱ ነው የሚያውቀው። ጠዋት ጠዋት የሥራ ልብሱን ይለብሳል፤ መሄጃ እንደሌለው ትዝ ሲለው ያወልቀዋል። ወደ እህቱ መንደር የሚያልፈው የጋሪ ነጂ ሲመጣ አስቁሞ «ዓይኗ ያነባል?» ይለዋል። «እኔ ምኑን አውቄ!» ሲለው ነገር የደበቀው ይመስለዋል። አንድ ቀን አላስችል ብሎት ከኮረብታው ማዶ ሆኖ ቁልቁል አየ። ጊደሮቹ ተጠጋግተው ቆመዋል። ግራጫዋ አንገቷን ደፍታለች። ደፍታ ሣር ልትበላ ትችላለች፤ ደፍታ ልትወድቅም ትችላለች። ከዚያ ርቀት አይለይም። ዕድሜውን ሁሉ አልጠፋም ሲል የኖረ ሰው፣ አሁን ኮረብታ ላይ ቁጢጥ ብሎ «በጠፋ! ምነው በጠፋ!» እያለ አምላኩን ለመነ።

ሐኪሟ የላከችበት ቀን ወዲያው ቢሮ ገባ። እህቱንም አስጠርታት ኖሮ እዚያው ተቀምጣለች።

«ንጹህ ናት» አለች ሐኪሟ። «ሁለቴ ነው ያስመረመርኩት። መንጋው ይኖራል።»

እህቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና አለቀሰች።  ሐኪሟ ካርቶኗን ከመቆለፊያው አውጥታ ወደ መርፌ መቀቀያው ክፍል መራቻቸው። ውኃው ይፈላል። ክትባቱ ከነብልቃጡ ተቀቅሎ መወገድ እንዳለበት ነገረቻቸውና ወደ እርሱ ገፋ አደረገችለት።

«እርስዎ ይክተቱት። ክትባት ማለት የተገራ በሽታ እኮ ነው ጋሼ፤ ያውቁታል። በዚህ አውራጃ ሙሉ ፈልገን ሌላ አላገኘንም። ከበሽታው የቀረችው ይቺው ናት።»

እጁን ዘርግቶ ካርቶኗን ያዘ። ሁሉን በረት የፈተሸለት፣ ጫካ ለጫካ የተከተለው፣ የአባቱን በረት ባዶ ያስቀረው ነገር ሽንኩርት ተተግኖ ከገዛ ወጥ ቤቱ ከርሟል። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ወደ ውኃው ለቀቃቸው። ሳቅ ነው ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ ከጉሮሮው ወጣ፤ እንባው ሲወርድ ለመደበቅም አልሞከረም። ጠፍቷል። በእጁ ነው ያጠፋው፤ ማመን አቃተው፣ ግን አመነ።

ወደ ሥራ አልተመለሰም፤ ዕድሜውም ስለደረሰ በዚያው አሰናበቱት። ለዚህ አልከፋውም። የከፋው ሌላ ነው። ሳቂታው ከእስር ሲወጣ አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ አልተሳደበም፣ አልከሰሰም። ግራጫዋን ጊደር እንኳን አጥግቦና ቦርሾ ነው የመለሰለት። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ የሚለውን በልቡ እያጠና ይቅርታ ሊጠይቅ እህቱ ቤት ሄደ።

ሳቂታው ተነስቶ ተቀበለው፣ ወንበር ሳበለት፣ ሻዩን ራሱ ቀዳለት። ይቅርታውን አንገቱን ደፍቶ ሰማውና «ተወው ወንድሜ፣ ያለፈ ነው» አለው። ከዚያ አብሮት ስለታሰረ አንድ የሚያንኮራፋ ሰው አውርቶ ራሱ ሳቀ፣ እስቲ ልየውንም አሳቀው። ከደረቱ ላይ ድንጋይ የተነሳለት መሰለው። ደስ ብሎት ተነሳና እንደ ወትሮው ጊደሮቹን ሊያይ ወደ በረቱ አመራ።

ሳቂታው ቀደመው። ፈገግታው ሳይጠፋ በረቱ በር ላይ ደረሰ፤ ጀርባውን ለማገሩ ሰጥቶ ቆመ።

«የትኛዋን ነው ማየት የፈለግከው? እዚሁ ላውጣልህ።»

እስቲ ልየው ቀልድ ይሆናል ብሎ ፊቱን አየው። አልነበረም። ስንቱ አርቢ ከብቱን አሽሽቶ ባዶ በረት ከፍቶለታል፤ ከብቱ ሞልቶ በር ተዘግቶበት ግን አያውቅም።

«ቀይዋን» አለ።

ሳቂታው ገባ፤ በሩን ከኋላው ዘጋ፤ ቀይዋን ጊደር አውጥቶ ገመዱን ሳይለቅ አቆመለት። እስቲ ልየው ከቆመበት ሆኖ አያት። እጁን አልሰደደም።

«ደህና ናት» አለ።

«ደህና ናት» አለ ሳቂታውም፤ መልሶ አስገባት።

እህቱ ከደጃፉ ሆና ሁለቱንም ታያለች። ወደ አንዳቸውም አልመጣችም።